በእቴቴ አዝራሮች ላይ የተደረገ ጥናት

ሥራዬ ሰው የጣለውን ነገር እያነሱ የጣለውን ሰው ማወቅ ነው። የአውቶቡስ ትኬት፣ የክብሪት ቀፎ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ጀርባው ላይ «ሳሙና፣ አምፖል፣ አክስቴ ጋ መደወል» ተብሎ የተጫረበት ፖስታ፤ ሌላው ጠርጎ የሚደፋውን እኔ በጓንት አንስቼ፣ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጣለሁ። ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ስንት ጸሐፊ አላቸው፤ የተቀደደች ትኬት ግን ከኔ ሌላ ማን አላት እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። የምሠራበት ሙዚየም ምድር ቤቱ ውስጥ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ሰጥቶኛል። በሯ ላይ «የዕለት ተዕለት ቁሶች ጥናት ክፍል» ይላል። ባልደረቦቼ ደግሞ እኔን «ዶክተር ጥራጊ» ይሉኛል። ዶክትሬት ስለሌለኝ በቅጽል ስሙ የመጀመሪያ ግማሽ ደስ ይለኛል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ችዬው እኖራለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ትኬት ላወራ አይደለም። ለታላቅ እህቴ የቀረቻትን አንድ ዓይን፣ በዚሁ ሙያዬ፣ በዚሁ ጓንቴ፣ ደረቴን ነፍቼ ላጠፋባት ምንም ያህል ስላልቀረኝ ነው። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ራሴው ብናገረው ይሻላል።

መጀመሪያ የችሎታዬን ልክ እወቁልኝ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቃ ያገኘኋትን የግዢ ዝርዝር ይዤ፣ የጻፈችው ሴት ግራኝ እንደሆነች፣ ቤቷ እንግዳ እንደሚመጣባትና እንግዳውንም እንደማትወደው ለባልደረቦቼ አስረዳሁ። ግራኝነቷን ያወቅኩት ቀለሙ ከተጠረገበት አቅጣጫ ነው፤ እንግዳውን ከስኳሩ ብዛት፤ ጥላቻውን ደግሞ «ብስኩት» የሚለው ተሰርዞ «ትንሽ ብስኩት» ስለተባለ። ሁሉም አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ዝርዝሩ የሰው ኃይል ኃላፊያችን የጻፉት ሆኖ ተገኘ። ኃላፊያችን ወንድ ናቸው፤ የሚጽፉትም በቀኝ እጃቸው ነው። አማታቸው ሊመጡ ስለነበር በጥላቻው በኩል ብቻ ትክክል ነበርኩ። እኔ ግን ለዓመታት የማወራው ስለዚያ ስለ አንዱ ነበር።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እቴቴ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥር ዓመት ሆኖን ነበር። ልብስ እየሰፋች አሳደገችኝ፤ ልብስ እየሰፋች አስተማረችኝ። ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሷ ግን እስካሁን «ማሙሽ» ነው የምትለኝ፤ አንዳንዴም ሰው ፊት። በሙያዋ የሚያህላት አልነበረም። ሰው በሯን አልፎ ሲገባ አንዴ ቀና ብላ አይታ የወገቡን ልክ ትነግረው ነበር። ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ያህል እንጂ ብዙም አትነካውም ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት «በቃኝ፣ ደከመኝ» ብላ ሥራ አቆመች። ወደ ስድሳ ዓመት እየተጠጋች ነበርና አመንኳት። የስፌት መኪናዋን አልሸጠችም። በየእሁዱ የመርፌ ትራስ አምጥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጥና «ማሙሽ፣ ክር አስገባልኝ» ትለኛለች። ሃያ መርፌ፣ ሃያ ክር። ለሳምንቱ የሚሆን የቤት ጥገና ነው ትላለች። እኔ ይህን እንደ ፍቅር ነበር የምቆጥረው። እውነትም ፍቅር ነው፤ ግን ለምን ሃያውን በአንድ ጊዜ፣ ለምንስ በኔ እጅ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አንድ የማላውቀው ሰው ሃያ መርፌ ክር እንደገባባቸው ቢጥል ኖሮ በስምንት ገጽ እተነትነው ነበር።

ጋዜጣም ጮክ ብዬ እንዳነብላት ትፈልጋለች። ስጠይቃት «ድምፅህ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ድምፄን ማንም ወዶልኝ አያውቅም። ይህንንም አመንኩ።

ነገሩ የተጀመረው በወንበር ነው። ዋና ኃላፊያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ለትኬት ግን ልብ የላቸውም። ለትልቁ አዳራሽ ሁለት መቶ አዲስ ወንበር መጣና ማስቀመጫ ጠፋ። አንድ ቀን ክፍሌ ድረስ ወርደው፣ ግድግዳውን በክንዳቸው ለካ ለካ አድርገው፣ «እንግዲህ የአንድ ወር ጊዜ ልስጥህ» አሉኝ። «ሰው ቆም ብሎ የሚያየው ነገር አሳየኝ። ካሳየኸኝ ክፍሏ ያንተ ናት። ካልሆነ ወንበሮቹ ይገባሉ።»

ቤት ገብቼ ለእቴቴ ሁሉንም አወራሁላት። እራቴን አልበላ ብዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁት ለወንበር!» አልኳት።

«አይዞህ» አለች፤ «ታገኛለህ። አንተ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ታገኛለህ።»

ባገኘሁት ጊዜ የት እንዳገኘሁት ገምቱ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው። ሻይ ላፈላ ብዬ መደርደሪያው ፊት ቆምኩና ዓይኔ ተከፈተ፤ ወይም የተከፈተ መሰለኝ። የጨው ጠርሙሱ አንገት ላይ በክር የታሰረች አንዲት አዝራር አለች። ስኳሩ ላይ ሁለት። ሻይ ቅጠሉ ላይ ሦስት። የውጪው በር ቁልፍ ላይ ወፍራም የሱፍ ክር ተጠምጥሟል፤ የጓሮው ቁልፍ ላይ ቀጭን። የምድጃው ማብሪያ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሻካራ ጨርቅ ተለጥፏል። የመኝታ ቤቷን መሳቢያ ከፈትኩ። ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች ተሰልፈዋል፦ አንዷ ባለ አንድ አዝራር፣ አንዷ ባለ ሁለት፣ ሦስተኛዋ አንገቷ ላይ የጆንያ ቁራጭ ታስሮባታል። የመጨረሻዋ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ናት። የፊተኞቹ ሁለቱ የዓይን ጠብታ እንደሆኑ ላያቸው ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። ማንበብ አላቃተኝም። ስጠይቃት «አንተ የምታመጣው አቧራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለችኝ፤ እኔም መዝገቤ ላይ «የዓይን ጠብታ፣ ለአቧራ» ብዬ ጻፍኩ።

ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልነግራችሁም። አንዲት ጡረታ የወጣች ባለሙያ፣ ማንም ሳያያት፣ ቤቷን በሙያዋ ቁሳቁስ አስጊጣ! ሦስት ቀን አልተኛሁም በሚባል ሁኔታ አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። ርዕሱ «ልብስ የሌለው አዝራር፦ በተሰናባች ባለሙያ ቤት ውስጥ የጌጥ፣ የትዝታና የጨዋታ መልክ» ነበር። የግርጌ ማስታወሻው አርባ አንድ ነው። ሁሉም አዝራሮች ከክዳኑ ሥር፣ በአንድ በኩል፣ የሰው አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ መታሰራቸውን እንኳ ልብ ብያለሁ፤ ያንንም «ለአንገት አካባቢ የሚታይ የውበት ዝንባሌ» ብዬ አብራርቼዋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን ሆኜም እቀላለሁ።

ዋና ኃላፊያችን ሐሳቡን ወደዱት። «ይሄ ሰው ያቆማል» አሉ። መክፈቻው ሐሙስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆነ።

ለእቴቴ ነገርኳት። «አዝራሮችሽን ለዐውደ ርዕይ እፈልጋቸዋለሁ።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ሄደችበት፣ ተመለሰችበት። «በጣም ያስፈልጉሃል?»

«ካለነሱ ወንበሮቹ ገቡ ማለት ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሦስት ወር ብቻ።»

«እንግዲያ ውሰዳቸው» አለች። «አንተን ከጠቀመ ይሁን።»

እኔም መዝገቤ ላይ «ባለንብረቷ በደስታ ፈቅደዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነገር በቀስታ ልናገረው፣ አለበለዚያ አይወጣልኝም። ሌባ እንዳልባል ጨው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠሉን አልወሰድኩም፤ ወደ አዳዲስ ጠርሙሶች ገለበጥኳቸው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ አመጣሁላት፤ ነጭ ክዳን ያላቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። በአንድ መስመር ደረደርኳቸውና «እዪ እንዴት እንደሚያምሩ!» አልኳት። ከአሮጌዎቹ ጠርሙሶችና ከብልቃጦቹ ላይ ክሩን በምላጭ ቆርጬ አዝራሮቹን ከነክራቸው ወሰድኩ፤ ብልቃጦቹን ንጹሕ አድርጌ መልሼ አሰለፍኳቸው። የምድጃውን ጨርቅ በሞቀ ውሃ አላቅቄ ወሰድኩ። የቁልፎቹን ክር ፈታሁ። በሙያችን ዕቃ ከቦታው ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ የቱ ከየት እንደተነሳ ይመዘገባል። አዲስ ለሚመጡ ተለማማጆች ይህን እየደጋገምኩ አሰለቻቸው ነበር። የገዛ ቤቴን ግን ምን ብዬ ልመዝግበው? አላውቀውም እንዴ? ሁሉንም በአንድ ከረጢት ዘግኜ ሄድኩ።

በማግስቱ ሻዬ ውስጥ ጨው ነበረበት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። በጠርሙሶቹ ተቀይማኝ ነው ብዬ ደመደምኩና ዝም ብዬ ጠጣሁት፤ እንዲያውም «ቅሬታን በጨው መግለጽ» የሚል አዲስ የጥናት ሐሳብ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ። በአምስተኛው ቀን እጇ ላይ ቃጠሎ አየሁ። «ድስት ነክቶኝ ነው» አለች። በሰባተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለቱም ቁልፎች እጇ ውስጥ ነበሩ። «ለምን አልገባሽም?» ስላት «አየሩ ደስ ስላለኝ ነው» አለችኝ። አየሩ ምኑም ደስ አይልም ነበር፤ ንፋስ አቧራ ያነሳል። እኔ ግን የመክፈቻ ንግግሬን በልቤ እየተለማመድኩ ስለነበር ከፍቼላት ገባሁ።

ዘጠነኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ ዕቃዎቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱ ፊት መለያ ካርድ አስቀምጬ፣ ራቅ ብዬ ሳደንቃቸው መብራት ጠፋ። ክፍሏ መስኮት የላትም ብያለሁ። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጥግ ላይ ወለሉን እየወለወለች ነበር።

«ባሉበት ይቁሙ ጋሼ» አለችኝ። «ሲንቀሳቀሱ የሆነ ነገር ይሰብሩና በኔ ይመጣል። እኔ ሰብሰብ ላድርጋቸው።»

«አትንኪያቸው፣ ይቀላቀላሉ!»

«አይቀላቀሉም» አለች። እጇ ጠረጴዛው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። «ይሄ ባለ አንድ ነው። ይሄ ባለ ሁለት ነው። ይሄ ሦስት። ይሄ ሻካራው የማይነካው መሆን አለበት። ይኸው፣ በየተራቸው አስቀመጥኳቸው።» ቀጥላም «የማን ዕቃ ነው ጋሼ?» አለች።

«የታላቅ እህቴ።»

«እኔን! ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«የእህቴ ዓይን ምንም አልሆነም» አልኳት። «ይሄ ጠርሙስ ክዳን ሥር የምታስረው ጌጥ ነው። አሥራ አራት ገጽ ጽፌበታለሁ።»

«ጌጥ ቢሆን ክዳን ሥር ይደብቁታል?» አለች። ልትቃወመኝ ፈልጋ አልነበረም፤ የእውነት ግር ብሏት ነው። «አማቴ በላስቲክ ነበር የሚያስሩት። አንድ ዙር ጨው፣ ሁለት ዙር ስኳር። እኛም ቤት ውስጥ የነኩትን ዕቃ ቦታ መቀየር ነውር ነበር። ይሄ እኮ በጨለማ የሚነበብ ነው ጋሼ። እኔ ራሴ አሁን አላነበብኩትም?»

ጨለማው ውስጥ ቆሜ ሁሉም ነገር ባንዴ መጣብኝ። ሃያው መርፌ። ጋዜጣው። ጨው። ቃጠሎው። ንፋስ ውስጥ ደጃፍ ላይ ያስቀመጣት ቁልፍ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ብልቃጦቹ መጡ፤ ሁለቱ ጠብታ፣ አንዷ የመኪና ዘይት፣ ሦስቱም በኔ እጅ ንጹሕና አንድ ዓይነት ተደርገው የተሰለፉት።

በዳበሳ አዝራሮቹንና ክሮቹን ከረጢት ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ላይ ጥበቃው ቆሟል። ጎበዝና ደንብ አክባሪ ሰው ነው፤ ከረጢቱን ከፍቶ አየ።

«ቁጥር የተሰጠው ዕቃ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም ጋሼ።»

«የእህቴ ናቸው።»

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጎብኚ የመዘገብኳትን የክብሪት ቀፎ ኪሱ ከቶ ስለወጣ ሁለት ገጽ ደንብ ጽፌ፣ ግድግዳ ላይ አስለጥፌ፣ ይህንኑ ሰው ፊቴ አቁሜ በቃሉ አስጠንቼዋለሁ። ከሦስቱ ፊርማዎች አንዱ የዋና ኃላፊው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

«እህቴ አታይም» አልኩት። በሕይወቴ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነበር። «በነዚህ ነው የምትለየው። እኔ ነኝ የወሰድኩባት። ቤት ብቻዋን ናት።»

ጥበቃው ከረጢቱን ደግሞ አየ። «ቁጥሩ የተጻፈው የቱ ላይ ነው?»

«ካርዱ ላይ።»

«አዝራሩ ላይ የለም?»

«አይበቃም፤ ትንሽ ናት።»

«እንግዲያ ካርዶቹ እዚህ እስካሉ ድረስ ቁጥር ያለው ነገር አልወጣም» አለ። «የሰው አዝራር የሰው ኪስ ውስጥ ነው። ይሂዱ፣ ይሂዱ!»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ለአውቶቡስ አልጠበቅኩም። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሮጬ አላውቅም፤ ሰው ዘወር እያለ ያየኛል፤ ኪሴ ውስጥ አዝራሮቹ ይንኳኳሉ።

እቴቴ መኝታ ቤቷ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሦስቱ ብልቃጦች ፊቷ ተደርድረዋል። አንዷን ከፍታ አፍንጫዋ ሥር ይዛታለች። ጫማዋ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው።

«አስቀምጪው!» ብዬ ጮህኩ።

«አትጩህ፣ አልደነቆርኩም» አለች። «ዘይቷ ይቺ ናት፣ ሸተተችኝ። የቀሩት ሁለቱ ግን አይሸቱም። አንዷ ጠዋትና ማታ ናት፣ አንዷ ማታ ብቻ።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ስታደርጊ ከረምሽ?»

«አንዳንድ ቀን ገመትኩ። አንዳንድ ቀን ተውኩት።»

እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልጠየቅሽኝም? የቱ የቱ ነው ብትዪኝ አልነግርሽም?»

«ከጠየቅኩህ ታውቃለህ» አለች፣ ብልቃጧን እየከደነች። «ካወቅክ አዝራሮቹን መልሰህ ታመጣለህ። ወንበራቸውን ያስገባሉ። አንተ ደግሞ እራትህን ትተህ ታኮርፋለህ። እስከ መክፈቻው ልታገስና ከዚያ አንድ ዘዴ እፈጥራለሁ ብዬ ነበር። ደስ ብሎህ ስታወራ እኮ እሰማሃለሁ፤ ሳትተነፍስ ነው የምታወራው። እንደዚያ ከሰማሁህ ስንት ዓመቴ!»

አለቀስኩ፤ ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እሷ ራሴን መታ መታ እያደረገች «ተው እንጂ፣ ቀሚሴን አረጠብከው» ትላለች።

«መታመምሽንስ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ልብስ ሰፊዋ ታወረች ከሚሉኝ ደከማት ቢሉኝ ይሻለኛል። ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፤ ብነግርህ ቁጥር ትለጥፍብኛለህ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ዓይን ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ወጣት ሴት ናት፤ እቴቴን በደንብ ታውቃታለች። ለካ በየሁለት ወሩ ጎረቤታችን እጇን ይዛ ታመላልሳት ኖሯል። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ መርምራ ወደኔ ዞረች። የግራው ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀኙ ከመሐል ትንሽ ቀዳዳ የምታህል እይታ ቀርታዋለች፤ የዓይኗን ግፊት ዝቅ አድርጎ እሷን የሚጠብቅላት ጠብታው ነው። በዘጠኙ ቀን ግፊቱ ወጥቷል፣ ከዚያች ቀዳዳም ጥቂት ወስዷል፤ የተወሰደው አይመለስም።

«የቀረውስ?» አልኳት።

«ጠብታው ሳይቋረጥ በሰዓቱ ከተደረገ ልናቆየው እንችላለን። አንድ ቤት ውስጥ ነው የምትኖሩት?»

«አዎ።»

«ምንም ልብ አላሉም?»

የእቴቴን ጫማ አየሁ፤ አሁንም አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ካርዱ ላይ ልትሞላ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። «የቢሮ ሠራተኛ» አልኳት።

ሐሙስ መክፈቻው ላይ አልተገኘሁም። ዋና ኃላፊያችን ጥሪው ስለተበተነ ሊሰርዙት አልቻሉም፤ የመስታወት ሳጥኖቹ ውስጥ ካርዶቹ ብቻ ታዩ። «አዝራር፣ አንድ፣ ከጨው ጠርሙስ ላይ» ይላል፣ ከፊቱ ግን ምንም የለም። እንግዶቹ ባዶው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው እንዳዩና አንዱም «በጣም ጥልቅ ነው» እንዳለ ጥበቃው ነገረኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ያቆምኩት ያኔ ብቻ ነው። ወንበሮቹ ግን ሰኞ ገቡ። ትኬቶቼን ደረጃ ሥር ባለች ጎድጓዳ ቦታ ሰጥተውኛል፤ ስገባ ጎንበስ እላለሁ። ለጽዳት ሠራተኛዋ አሥራ አራቱን ገጽ ሰጠኋት፤ ዓይኔ እያየ እንድትቀደው ነበር፤ እሷ ግን ጀርባው ንጹሕ ነው ብላ ለልጆቿ ደብተር ወሰደችው።

ለእቴቴ አዝራሮቹን የመለስኩላት በዚያው ማክሰኞ፣ ከሐኪሟ ስንመለስ ነው። ከጨው፣ ከስኳርና ከሻይ ቅጠሉ በቀር የቱ ከየት እንደተነሳ ስላልመዘገብኩ የቀሩትን አላውቃቸውም። አንድ ዓይነት ከሆኑት አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ፊት ከረጢቱን ይዤ ቆምኩ። እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ጠርሙሱን እየቀመስኩ፣ ብልቃጡን እያነበብኩ እነግራታለሁ፣ እሷ ታስራለች። ቋጠሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይን አልፈለገም። ስንጨርስ ዓይኔን አስጨፍና ሁሉንም በጣቴ እንድለያቸው አደረገችኝ። ስኳርና ሻይ ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ከልቧ ሳቀችብኝ።

ሲመሽ ቀና ብላ ተቀመጠችና «ና እስቲ ቅረበኝ» አለችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን በአውራ ጣቷ ሄደችበት። «ያንተን ፊት አጥርቼ ካየሁ ሦስት ዓመት ይሆነኛል። ምን መስለሃል? ለትኬቶችህ እንደምትናገረው ንገረኝ።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ይህ የማውቀው ሥራ ነው። «ወንድ» አልኳት፤ «ዕድሜ ሃምሳ አንድ። መጠን፣ ከሚገባው ትንሽ ሰፋ ያለ። ዓይኑ አካባቢ የተጨማደደ። ጸጉር፣ ከላይ የሳሳ፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ…»

እጇ ፊቴ ላይ ቆመ። «ነጭ?»

«አዎ።»

«ሁሉም?»

መልሴን አልጠበቀችም። መዳፏን አናቴ ላይ አድርጋ፣ ስታበጥረኝ እንደነበረው ወደ ኋላ ደባበሰችኝ።

«እኔ እኮ በጥቁሩ ነው የማስብህ» አለች። «ደጅ ስትወጣ፣ ስትገባ፣ ስትስቅ፣ በጥቁሩ ነው የማይህ። ተወው ማሙሽ። ነጭ ነው አትበለኝ።»

«እሺ እቴቴ» አልኳት። «ጥቁር ነው።»